«ሃይማኖት ነክ ጥያቄ የለም»

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በየካ ክፍለ ከተማ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን መድረክ ያውቀዋል። በአዳራሹ ፊት ለፊት ሁለት ወይም ሦስት ጠረጴዛ ይደረደራል። በየጠረጴዛው ሦስት ሦስት ተማሪ፣ ከጎን ደግሞ ሰዓት የሚይዝ መምህርና የመልስ ወረቀት የያዙ ዳኞች ይቀመጣሉ። ሽልማቱ ደርዘን ደብተር፣ መዝገበ ቃላት፣ ሲበዛ ዋንጫ ነው። መድረክ መሪው ውድድሩን ከመክፈቱ በፊት ደንቡን ያነባል፤ በደንቡ ውስጥ ደግሞ አንድ የማይቀር መስመር አለ፤ «ሃይማኖት ነክና ፖለቲካ ነክ ጥያቄ የለም»።

ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። የዜማ አባት ማን ነው? ቅዱስ ያሬድ። አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሳነጸው ንጉሥ? ላሊበላ። አፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው? እንጦጦ ማርያም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.። ጭብጨባ።

ደንቡ ተጣሰ ብሎ የሚነሳ ሰው የለም። ደግሞም አልተጣሰም ይባላል፤ ያሬድ ሙዚቃ ነው፣ ላሊበላ ሥነ ሕንፃ ነው፣ እንጦጦ ማርያም ታሪክ ነው። እውነትም ናቸው። በዚያው መድረክ ላይ ግን አንድ መምህር «ከሐረር በቀር በኢትዮጵያ ታዋቂ የሆኑ ሁለት የእስልምና ትምህርት ማዕከላትን ጥቀስ» የሚል ጥያቄ ቢያወጣ፣ አዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ «ይቺ ሃይማኖት ነክ አትሆንም?» የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። ስለ ኢሬቻ ቢያወጣ «ባህል» ከሚለው ምድብ ይገባለታል። ስለ ወንጌላውያን ቢያወጣ ደግሞ የት እንደሚያስገባው ራሱም ግራ ይገባዋል።

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ክርክሩ «የኦርቶዶክስ ጥያቄ በዛ፣ የሙስሊሙ አነሰ» በሚል ቆጠራ ይጀምርና በስድብ ያልቃል። ቁጥሩ ግን ከምደባው በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። የአንዱ እምነት ትውስታ «ታሪክ» የሚባል መታወቂያ ተሰጥቶት በዋናው በር ይገባል። የሌላው «ሃይማኖት» ተብሎ በደንቡ ይከለከላል። የሦስተኛው «ባህል» ተብሎ ከጭፈራና ከአለባበስ ጋር ይሰለፋል። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማንም ማንንም ሳይጠላ ውጤቱ አስቀድሞ ተወስኗል።

ይህ ምደባ ትናንት የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ሲወለድ ጀምሮ ከቤተ ክህነት ጋር ተደራድሮ የተወለደ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 የመጀመሪያውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ቤተ ክህነቱ የአውሮፓ መምህራንን ስለፈራ መምህራኑ ከግብፅ ኮፕቶች እንዲመጡ ተደረገ። ቋንቋና ሒሳብ የሚያስተምረው ሰው ሃይማኖቱ ታይቶ ተመረጠ ማለት ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ የሚባለው ትምህርት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ተጣብቆ ኖረ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። በዚያ ዘመን የተማረና በኋላ መምህር የሆነ ሰው የአገር ታሪክና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በአንድ ደብተር መጻፋቸው ባይገርመው አይፈረድበትም። በአንድ ደብተር ነው የጻፈው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ከብዙ ክርስቲያን ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በመቶ ሺህ በሚገመት ቁጥር አደባባይ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ከጥያቄና መልስ መድረክ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው፤ የስም ጥያቄ ነበር። በመንግሥት አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ። በሁለቱ ሐረጎች መካከል ያለው ልዩነት የእንግዳና የባለቤት ልዩነት ነው። እንግዳ ስለ ቤቱ ታሪክ ይጠየቃል እንጂ የእሱ ታሪክ የቤቱ ታሪክ ተብሎ አይጠየቅም። ከዚያ ሰልፍ በኋላ ደርግ ዒድ አል ፈጥርን፣ ዒድ አል አድሐን (አረፋን) እና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረገ። ያኔ «በኢትዮጵያ ስንት ብሔራዊ በዓላት አሉ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሱ ተለወጠ። የመልስ ወረቀት በሰልፍ የተቀየረበት ጊዜ ካለ ያ ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት ተለያዩ። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖዎች ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት አለ። መድረክ መሪው የሚያነባት መስመር መንፈሷ ከዚህ አንቀጽ ጋር አንድ ነው። የሕጉ ሐሳብ ጥሩ ሆኖ ሳለ ችግሩ አተገባበሩ ላይ ነው። «ከሃይማኖት ነፃ» የተባለው ወረቀት የተዘጋጀው፣ የትኛው ነገር «ሃይማኖት» እንደሚባል የድሮው ደብተር ከወሰነ በኋላ ነው።

ለዚህ ምሁራኑም ድርሻ አላቸው። ከእንጦጦ ቁልቁል ስድስት ኪሎ ላይ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሠርተዋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ የጻፉት መጽሐፍ እስከ ዛሬ ማንም የማያልፈው ሥራ ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍና ከዚያ አስቀድሞ ስለ እስልምና ታሪክ አጻጻፍ ባወጡት ጥናት፣ ኢትዮጵያን «በሙስሊም ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት» አድርጎ የሚያይ አጻጻፍ እስልምናን የውጭ ስጋት ብቻ አድርጎ እንደሳለው ሞገቱ። ሁለቱም አንድ ቤት ሠርተዋል። የጥያቄና መልስ ወረቀት የሚያዘጋጅ የታሪክ መምህር የፊተኛውን መጽሐፍ ባያነበው እንኳ ፍሬ ሐሳቡን በመማሪያ መጽሐፍ በኩል ያውቀዋል። የኋለኛውን ግን የሚያውቀው ፈልጎ ካገኘው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ፤ አድልዎ የሚታየው በዝርዝር ነውና።

«የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ ማን ይባላል?» ይህ ጥያቄ ለሙስሊሙ ቦታ ለመስጠት ታስቦ የሚወጣ መልካም ጥያቄ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 615 ነው። በመማሪያ መጽሐፍ የለመድነው መልስ «አርማህ» ነው። በእስልምና ምንጮች ግን ነጃሺ የሚለው የማዕረግ ስም ሲሆን የንጉሡ ስም አስሐማ ነው። ነቢዩ የዚህን ንጉሥ ሞት ሲሰሙ በሌለበት የጀናዛ ሶላት እንደሰገዱለት በሐዲስ ተመዝግቧል። ይህን ታሪክ ከመድረሳ ጀምሮ የሰማ የሾላ ልጅ «አስሐማ» ብሎ ቢመልስ፣ የመልስ ወረቀቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ካለ ዳኛው ምን ያደርጋል? ስለ ራሱ እምነት በተጠየቀበት ብቸኛ ጥያቄ፣ ራሱ ከቤቱ ያወቀውን በመናገሩ ዜሮ ያገኛል። አርማህ በሳንቲም ላይ ስሙ የተገኘ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ከነጃሺ ጋር አንድ ነው የሚለው ግን የታሪክ ጸሐፊዎች ማዛመድ ነው እንጂ ራሱ ሳንቲሙ የሚናገረው አይደለም። ሁለቱም መልስ የየራሱ ምንጭ አለው። አንደኛው ብቻ ነጥብ አለው።

«የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ምን ወሰነ?» ግንቦት 1870 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ወሎ። የተለመደው መልስ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው የጸጋና የካራ ክርክር እልባት አገኘ የሚል ነው። ትክክል ነው። ከዚሁ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ግን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፣ እንደ ሼይኽ ጦልሃ ያሉት ደግሞ አሻፈረኝ ብለው ተነሱ። ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሃይማኖት ጉባኤ የነበረው ለቦረና፣ ለቃሉና ለየጁ ገበሬ የሰይፍና የስደት ዘመን ነበር። አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ሜዳ፣ ግማሽ መልስ።

የእኚሁ ሚካኤል ልጅ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። «ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት ለምንድን ነው?» መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ቤተ ክህነቱ ያወጁት ክስ ኢያሱ ሰለሙ የሚል ነበር። መስለማቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር መወዳጀታቸውና በጋብቻ መተሳሰራቸው፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተፋላሚዎች ግፊት፣ የሸዋ መኳንንት ጥቅም፣ ሁሉም በአንድ ላይ የሠሩበት ውድቀት ነው። በመልስ ወረቀት ላይ «እስልምናን በመቀበላቸው» ተብሎ ሲጻፍ የከሳሾቹ ቃል የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሆኖ ይነበባል። መስለም በራሱ ዙፋን የሚያሳጣ ጥፋት እንደሆነም፣ ሳይባል፣ ለአዳራሹ ተማሪ ሁሉ ይነገራል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ኢያሱ የሚባልም አሕመድ የሚባልም ልጅ ተቀምጧል።

ስለ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። በአንዱ ቤት «ግራኝ» ናቸው፣ በሌላው ቤት «ኢማሙ»። ስለ 1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኩሬ ጦርነትም ሆነ ስለ 1535ቱ ሞታቸው መጠየቅ ተገቢ ነው። ያቃጠሏቸውን አብያተ ክርስቲያናት መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ተቃጥለዋልና። የጦርነቱን ታሪክ በዓይኑ ያየውና የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ስሙ ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ግን ለምን አይታሰብም?

ጥያቄ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ተራራው ራሱ ይበቃል። ከጉለሌ እስከ የካ በተዘረጋው የእንጦጦ ሰንሰለት ላይና ሥር የሌለ የለም። በየካ በኩል ዋሻ ሚካኤል አለ፣ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ። «ማን አሠራው?» ሲባል የአካባቢው ትውፊት አብርሃና አጽብሐ ይላል፤ አጥኚዎች ግን ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ ወደ መካከለኛው ዘመን ያስጠጉታል። (እዚህ ላይ አድልዎው ኦርቶዶክሱን ራሱን ይጎዳዋል። ትውፊቱ እንደ ትውፊት፣ ጥናቱም እንደ ጥናት ቢቀርብለት ሁለት ነገር ያውቅ ነበር። አንድ ብቻ አውቆ ይወጣል።) «የካ» የሚለው ስም ራሱ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ከሆነው ከኤካ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። እዚያ የነበረው ሕዝብ ከከተማዋ በፊት ዋቃን የሚለምንበት ሥርዓት ነበረው። ኢሬቻ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ሲከበር ለብዙ የከተማዋ ተማሪ አዲስ ነገር መሰለው። በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ከተማዋ የምትጀምረው ከምኒልክና ከጣይቱ ነዋ።

ከእንጦጦ ግርጌ ቀጨኔ አለ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ለትውልድ «ጣይብ»፣ «ቡዳ»፣ «ፈላሻ» እየተባሉ ተገፍተዋል። ከመካከላቸው ዛሬ ቤተ እስራኤል መሆናቸውን በግልጽ የሚናገሩ አሉ። በከተማዋ ስንት ቤት የቀጨኔ ጀበና ላይ ቡና እንደፈላ ማን ይቆጥራል! ጀበናው «ዕደ ጥበብ» ይባላል፤ የሠሪዋ እምነት ግን የትኛውም ምድብ ውስጥ የለም። በምኒልክ ዘመን ሲገነባ በነበረው ከተማ ላይም እንደ ሐጂ ቀዋስና ወሊ መሐመድ ያሉ ሕንዳውያን ሙስሊም ግንበኞች ሠርተዋል። የአሠሪዎቹን ስም ሁሉም ያውቃል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ልብ ያልተባለ ነገር አለ። ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ አድቬንቲስቱም ተማሪ የኦርቶዶክሱን ታሪክ በደንብ ያውቃል። ማሸነፍ ከፈለገ ግድ ነው። ያሬድን፣ ላሊበላን፣ ዘርዓ ያዕቆብን፣ ራጉኤልን በቃሉ ይወጣዋል፣ ብዙ ጊዜም ያሸንፋል። ኦርቶዶክሱ ተማሪ ግን ስለ ድሬ ሼይኽ ሁሴን ወይም ስለ ሐረሩ አሚር ኑር ምንም ሳያውቅ ዋንጫ ሊወስድ ይችላል። አንዱ ሁለት ደብተር ያጠናል፣ ሌላው አንድ። ለውድድር ይህ ኢፍትሐዊ ነው፤ ለአገር ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፤ ጎረቤቱን የማያውቀው በቁጥር የሚበዛው ልጅ ነውና። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። በአገር ደረጃ ግን ኦርቶዶክሱ 43.5፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ነው። የየካ ልጅ የሚያየው የመጀመሪያውን ስሌት ነው። ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ጅማ ወይም ሐሮማያ ሲደርስ ሁለተኛው ይጠብቀዋል።

የጊዜ ጉዳይም አለ፣ በአጭሩ። ዓርብ ከሰዓት የሚያዝ ውድድር ከጁምዓ ሶላት ጋር ይጋጫል፤ ቅዳሜ የሚያዝ ለአድቬንቲስቱ ሰንበት ነው፤ እሑድ ጠዋት ለቅዳሴም ለአምልኮም አይሆንም። በረመዳን ቀትር ላይ ለፍጻሜ የሚቀርብ ቡድን ሳይበላ ሳይጠጣ ይወዳደራል። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በሚካሄዱት የጥያቄና መልስ ውድድሮች የተለመደ አሠራር አለ። እዚያ «ሃይማኖት ነክ የለም» አይሉም። ከ20 መነሻ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ለሃይማኖት፣ አንዱ ለአፈ ታሪክ ይመደባል። እነሱም ከጭቅጭቅ አላመለጡም። በመቶ ሚሊዮኖች የሚያመልኩት የሒንዱ እምነት ታሪኮች ለምን «አፈ ታሪክ» ተብለው ከግሪክ አማልክት ጎን ይቀመጣሉ የሚለው ክርክር የእኛው ክርክር ወንድም ነው። እዚያም እዚህም ጠቡ ከምደባው ይነሳል። ከእነሱ ሊወሰድ የሚገባው ግን ሌላ ነው። የመልስ ወረቀታቸው ላይ ከዋናው መልስ ቀጥሎ «ይህም ይያዛል» ተብሎ ሌሎች ትክክለኛ መልሶች ይጻፋሉ፤ ቅሬታ ያለው ቡድንም ማስረጃ አቅርቦ የሚከራከርበት ሥርዓት አለ። «አርማህ፤ አስሐማም ይያዛል» ብሎ መጻፍ ግማሽ መስመር ቀለም ነው።

ጥያቄውን በቆጠራው መቶኛ እንካፈል የሚሉም አይጠፉም። ይህ የሚያስቅ ነገር ነው። ከመቶ ጥያቄ 34ቱ ለሙስሊሙ፣ 19ኙ ለፕሮቴስታንቱ ተብሎ ቢታደል፣ የእያንዳንዱ ወገን ልጅ የራሱን ኮታ አጥንቶ ይመጣና አሁንም ማንም ማንንም ሳያውቅ ይለያያል። የተጻፈ ምንጭ በብዛት የተረፈበት ወገን ብዙ ጥያቄ ቢወጣለትም አይገርምም፤ ገዳማቱ መጻሕፍቱን ጠብቀዋል፣ ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ሊቀየር የሚገባው ምድቡ ነው። ያሬድ «ሙዚቃ» ከሆነ የወሎ መንዙማም «ሙዚቃ» ነው። ላሊበላ «ሥነ ሕንፃ» ከሆነ የሐረር ጀጎልም «ሥነ ሕንፃ» ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የተረጎመው አባ አብርሃም (አቡ ሩሚ) «ሥነ ጽሑፍ» ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 በኦሮምኛ ያሳተሙት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖም «ሥነ ጽሑፍ» ናቸው። በ1961 ዓ.ም. የቁርኣንን የአማርኛ ትርጉም ያወጡት ሐጂ መሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሼይኽ ሰይድ መሐመድ ሳዲቅም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱም ስለ እምነት አይሰብክም፤ ሁሉም የሰው ሥራ ነው።

ከእንጦጦ በስተምዕራብ፣ በጉለሌ በኩል፣ ታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ይላሉ። ስሙ የቤኒሻንጉል ገዥ ከነበሩት ከሼይኽ ኾጀሌ አል ሐሰን የመጣ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ታስረው ወደ አዲስ አበባ የመጡ፣ በኋላ ተፈትተው ወደ ግዛታቸው የተመለሱ ሙስሊም ባላባት። የአዲስ አበባ መኖሪያቸው የነበረው አሮጌ ቤት እስከ ዘመናችን ቆሟል። «ሸጎሌ የሚለው የሰፈር ስም ከማን የመጣ ነው?» የምትል ጥያቄ በአንድ የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ብትወጣ፣ አዘጋጅ ኮሚቴው በየትኛው ምድብ ሥር ያስቀምጣት ይሆን?